የሌሊት እህል

ጦርነት ባለበት አገር ለተራበ ቤተሰብ እህል ማቀበል ጦርነቱን ያስረዝማልን? ካስረዘመስ አቀባዩ በደለኛ ነው ወይስ ጻድቅ? ጥያቄው የሥራ ፈት ክርክር ይመስላል እንጂ አይደለም። በዚህ ጥያቄ ምክንያት እህል መጋዘን ውስጥ ታግዷል፤ ካህን ፍርድ ቤት ቆሟል፤ አውሮፕላን ተመትቶ ወድቋል። ስለዚህ በባዶ ሜዳ ከምንከራከር አንድ የተደረገ ነገር ይዘን ብንነሣ ይሻላል ብለን የቢያፍራን ታሪክ መርጠናል። ለምን ቢሉ፥ አብያተ ክርስቲያናት በገዛ እጃቸው፥ ያውም የአገሩን መንግሥት እንቢታ ተሻግረው፥ ያን ያህል እህል ወደ ጦርነት ያስገቡበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ደግሞም ታሪኩ እኛን ፈጽሞ የማይነካ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ባጭሩ እናስታውስ። ናይጄሪያ ነጻ በወጣች በ6 ዓመቷ፥ በ1966፥ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደባት። በዚያው ዓመት በሰሜኑ ክፍል ይኖሩ የነበሩ የኢቦ ተወላጆች በሺህ እየተቈጠሩ ተገደሉ፤ የተረፉት የቻሉትን ተሸክመው ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በሜይ 30 ቀን 1967 ኮሎኔል ኦጁኩ ምሥራቁን ክፍል ቢያፍራ ብለው ነጻ መንግሥት አወጁ። በጁላይ ውጊያው ተጀመረ። የፌዴራሉ መንግሥት ባሕሩን ዘጋ፤ በሜይ 1968 ፖርት ሃርኮርት ሲያዝ ቢያፍራ ዙሪያዋን የተከበበች ጠባብ መሬት ሆና ቀረች።

እዚህ ላይ ስለ ምግብ አንድ ነገር ካላወቅን የቀረው ሁሉ አይገባንም። የምሥራቁ ገበሬ ካሳቫና ያም የተባለውን ሥራ ሥር ያበቅላል፤ ይኸ ሆድ ይሞላል። ሰውነት የሚገነባውን ምግብ ግን አብዛኛውን ከሌላ ቦታ ያመጣ ነበር፤ ሥጋውን ከሰሜን ከብት ነጋዴዎች፥ ደረቁን ዓሣ ደግሞ ከኖርዌይ በመርከብ። መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም ቀሩ፤ ጨውም ጠፋ። ስለዚህ ሕፃኑ ካሳቫ እየበላ ያብጣል፤ ጠጉሩ ይቀላል፤ ቆዳው ይላጣል። ሐኪሞች ክዋሽዮርኮር ይሉታል። የእነዚህ ሕፃናት ፎቶግራፍ በ1968 የአውሮፓን ጋዜጦች ሞላ። በጦርነቱ የሞተው ሕዝብ ከ500,000 እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል፤ አብዛኛው በጥይት አልነበረም የሞተው።

የአየርላንድ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ድሮም በዚያ አገር ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ነበራቸው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ብዙዎቹ አልወጡም። ከሰበካቸው ሆነው ጻፉ፤ ጮኹ። ካሪታስ የተባለው የካቶሊኮች ርዳታ ድርጅት፥ የስካንዲናቪያ ሉተራውያን፥ ሌሎችም ፕሮቴስታንቶች፥ በአሜሪካ በኩል የአይሁድ ማኅበሮች ሳይቀሩ፥ በመጨረሻ «ጆይንት ቸርች ኤይድ» በሚል ስም ተባበሩ። በአውሮፕላኑ ላይ የተጻፉትን ሦስት የመነሻ ፊደሎች አይተው ሰዎች «የኢየሱስ ክርስቶስ አየር መንገድ» ይሏቸው ነበር አሉ። አብራሪዎቹ ደግሞ ሁሉም መንፈሳውያን አልነበሩም፤ ለደመወዝ የመጣም ነበረ። ለተራበው ግን ይኸ ምኑ ነው?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ሲመሽ ይነሣሉ። መብራታቸውን አጥፍተው ኡሊ ላይ ያርፋሉ። ኡሊ ማለት አስፋፍተው ማረፊያ ያደረጉት አውራ ጎዳና ነው። የመንደርደሪያው መብራት የሚበራው አውሮፕላኑ ሊወርድ ሲል ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከላይ የፌዴራሉ ቦምብ ጣይ ያንዣብባልና። ደረቁ ዓሣ፥ የዱቄት ወተቱ፥ ጨውና መድኃኒቱ በጨለማ ይራገፋል። ሳይነጋ ይመለሳሉ፤ አንዳንዴም የታመሙ ሕፃናት ጭነው ወደ ሳኦ ቶሜ ወይም ወደ ጋቦን ይሄዳሉ። እንዲህ እያሉ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ5,000 በላይ በረራ አድርገው ወደ 60,000 ቶን የሚጠጋ ርዳታ አስገቡ። ሥራው ላይ ሳሉ የሞቱም አሉ። ጆንያው ከኡሊ በመኪና ወደየሰበካው ይሄድና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ይታደላል። እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ የምትሰለፈው ጣሳዋን ይዛ ነው።

እንግዲህ ክሱን እንስማ። ክሱን የሚያቀርቡት ክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

ክሱ እንዲህ ይላል። ቢያፍራ በ1968 አጋማሽ ተሸንፋ ነበር። ወደብ የላት፥ ገንዘብ የላት፥ እህል የላት። በዚያን ጊዜ እጇን ብትሰጥ ኖሮ ጦርነቱ ያልቃል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ ሕፃኑም ይበላል። አብያተ ክርስቲያናቱ እህሉን ባያስገቡ መሪዎቹ መቀጠል ባልቻሉ። እነሱ ግን ስላስገቡ ጦርነቱ እስከ ጃንዋሪ 1970 ድረስ ተጎተተ፤ ስለዚህ አንዱን ሕፃን ያዳኑ መስሏቸው ሁለት ገደሉ። ይህን ከናይጄሪያ መንግሥት ሰዎች ሌላ፥ በርዳታ ሥራ ላይ ያረጁ ሰዎችም ኋላ ላይ ጽፈውታል። ሻይ እየጠጣን ስንከራከር አንዱ ጓደኛችን «በጎ አድራጎት ማለት ጦርነትን መቀለብ ነው» ብሎ ደመደመ። ጎበዝ ተከራካሪ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ዘለለ።

የዘለለው ይኸ ነው። እህሉ ባይገባ ጦርነቱ ቶሎ ያልቅ ነበር ስንል፥ በምን መንገድ ነው የሚያልቀው? እስቲ ቀስ ብለን እንከተለው። መጀመሪያ ሕፃኑ ይሞታል። ቀጥሎ እናትየው። ግንባር ያለው አባት ይህን ይሰማና ልቡ ይከዳዋል። መሪው ሠራዊቱ ሲፈርስ ያያል፤ ከዚያ ይፈርማል። ሌላ መንገድ የለውም። ወታደር ባለበት አገር እህል ሲጠፋ በመጨረሻ የሚራበው ወታደሩ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጦሙን እንደማያድር ማንም ያውቀዋል። እንግዲያውስ «እህሉ ጦርነቱን አስረዘመ» የሚለው ሰው፥ ሳይታወቀው፥ ጦርነቱ በሕፃኑ ሬሳ በኩል አልፎ ማለቅ ነበረበት ማለቱ ነው። ይህን በግልጽ ይበለውና እንከራከር። በተሸፋፈነ ቃል ሲነገር ግን የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል።

ይህም ቢሆን ቅሉ ክሱ በዚህ አይፈርስም። ጓደኛችን መልሶ እንዲህ ይለናል፦ «ጦርነቱ በመርዘሙ በ1969 የሞቱትስ? እነሱም እኮ እናት ነበራቸው። እናንተ ከፊታችሁ ያለውን ሕፃን ታያላችሁ፤ የሚመጣው ዓመት ሟች ስለማይታያችሁ ከቁጥር አታስገቡትም።» ይህ ከባድ ነገር ነው። እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ያልታየ ሟችም ሟች ነው።

የኛ አሳብ ግን ወደዚህ ያደላል። ዛሬ ጣሳ ይዛ የቆመችውን እናት እናውቃታለን፤ ወተት ብንሰጣት ልጇ እንደሚተርፍ፥ ባንሰጣት እንደሚሞት እናውቃለን። ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ ግን ማንም አያውቅም ነበር። የፌዴራሉ ጦር በ1968 «የመጨረሻው ማጥቃት» ብሎ ተነሣ፤ መጨረሻ ሳይሆን ቀረ። የቢያፍራ ሰዎች ደግሞ የ1966ቱን እልቂት በዓይናቸው አይተው የመጡ ናቸው፤ እጃችንን ብንሰጥ እንታረዳለን ብለው ያምኑ ነበር። ይህ ፍርሀት ኋላ ላይ እንደተፈራው አልሆነም፤ ግን በ1968 ማን ሊያውቅ ይችላል? እንዲህ ያለው ሕዝብ ስለተራበ ብቻ እጁን ይሰጣል ማለት ግምት ነው። በግምት ላይ ተመሥርቶ የታወቀ ሰው እንዲሞት መተው፥ ለጄኔራል የተፈቀደ ይሁን አይሁን እንጃ፥ ለቤተ ክርስቲያን ግን የተሰጣት ሥልጣን አይመስለንም።

በተረፈ ደግሞ፥ ጦርነቱን ማን አስረዘመው ከተባለ ተጠያቂው እኮ ብዙ ነው! ብሪታንያና ሶቪየት ኅብረት ለፌዴራሉ መንግሥት መሣሪያ ይሸጡ ነበር። ፈረንሳይ በጋቦንና በኮትዲቯር በኩል ለቢያፍራ በስውር ታቀብል ነበር። ጥይት ያቀበለው በክብር ተቀምጦ ወተት ያቀበለው ይከሰሳል። እንዴ! ይኸ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

አሁን ግን ወደ ሌላው ፊት እንዙር። እንጀራው ንጹሕ ነው ስንል ከእንጀራው ጋር አብሮ የሚሄደው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናቱ አውሮፕላን የሚከራዩት መሣሪያ ከሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ የማረፊያውን ምስጢር የያዘው እሱ ነበርና። ከዚያም በኋላ ኡሊ ላይ በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ጎዳና፥ የወተቱም የጥይቱም አውሮፕላን ያርፋል። በጨለማ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከላይ ሆኖ ለሚያይ አይለይም። የቢያፍራ መንግሥትም ይህን ይፈልገው ነበር። ለዚህ ማስረጃው፥ በ1969 ቀይ መስቀል በቀን ለመብረር ከሌጎስ ጋር ተፈራርሞ ሲመጣ ቢያፍራ አልቀበልም ማለቷ ነው። ቀን ቢሆን ጠላት ይጠቀምበታል አሉ። ይሆናል። ግን ሌሊቱ ለነሱም ይጠቅማቸው እንደ ነበር ማን ይክዳል?

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነን የገንዘቡ ነገር ነው። ርዳታ ሰጪዎቹ በቢያፍራ ውስጥ ለጫኝና ለአውራጅ፥ ለመኪና፥ ለአገር ውስጥ ምግብ መግዣ የቢያፍራ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ገንዘብ የሚያገኙት በውጭ ምንዛሪ ገዝተው ነው። ቢያፍራ በዚያ ምንዛሪ ውጭ አገር የምትገዛው ምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። እንግዲህ በኖርዌይ ወይም በአየርላንድ ሰንበት ጧት አንዲት አሮጊት ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጣለችው ሳንቲም ከፊሉ ወተት፥ ከፊሉ ጥይት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም አልነገራትም። እኛ አብያተ ክርስቲያናቱን የምንወቅሰው እህል በማስገባታቸው ሳይሆን ይህን ነገር ለለጋሹ በግልጽ ባለመናገራቸው ነው። ምጽዋት ሰጪው እጁ የት እንደሚደርስ የማወቅ መብት አለው። ቢነገራትም፥ አሮጊቷ ትሰጥ ነበር ብለን እናስባለን።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንማር ሁላችንም የምናውቀው መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ነው። ወንበዴዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው ሳምራዊው የደረሰው። ወንበዴዎቹ እዚያው ቆመው፥ «ዘይቱንና ወይኑን ለቁስለኛው ስጥ፤ ለኛም የመንገድ ቀረጥ ክፈል» ቢሉትስ ምን ያደርግ ነበር? ስብከቱ እዚህ አይደርስም። በጦርነት ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን ግን ሁልጊዜ የምታገኘው ይህን ነው፤ ወንበዴው ከቁስለኛው አጠገብ አልሄደም። አንዳንዴም ወንበዴው የቁስለኛው ወንድም ነው፤ ጠባቂው ነኝም ይላል።

አሁን ስለ አንድ ሰው እናንሣ፤ የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ሰው ነው። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር በስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ሲያመላልስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ከ1946 እስከ 1956 የኢትዮጵያ አየር ኃይልን አቋቁሞ መራ። ይኸው ሰው በኦገስት 1968፥ ሌሎቹ መብረር ፈርተው ቆመው ሳለ፥ ከሳኦ ቶሜ ተነሥቶ በጣም ዝቅ ብሎ እየበረረ የአብያተ ክርስቲያናቱን ርዳታ ኡሊ አደረሰ። መንገዱን ከመሣሪያ ነጋዴው እጅ ያስለቀቀው እሱ ነው ማለት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንደ ገድል ነው።

ከዚያ በኋላ ግን በሜይ 1969 ሮኬት የታጠቁ አምስት ትናንሽ አውሮፕላኖች ይዞ መጣና የፌዴራሉን የአየር ማረፊያዎች መታ። ወተት ያመጣው እጅ ሮኬት ተኮሰ። ምክንያቱን ስንገምት ከባድ አይደለም፤ በየሌሊቱ ወተት ለሚጠጡት ሕፃናት በየቀኑ ቦምብ የሚጥሉትን አውሮፕላኖች ማጥፋት ያው ርዳታ መስሎ ታይቶታል። ስንቶቻችን ነን ይህን አሳብ ሰምተን ልባችን የማይደነግጥ፥ እንዲያውም ደስ የማይለው? እውነቱን እንናገር፤ በመኝታ ክፍላችን ይህን ታሪክ ስናወራ ግማሾቻችን አጨብጭበናል። ሕፃን ከሚያስርብ ጋር መዋጋት ነውር ነው የሚል አንገኝም።

ነገር ግን ያስከተለውን እንይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ በጁን 5 ቀን 1969፥ የስዊድን ቀይ መስቀል የርዳታ አውሮፕላን በፌዴራሉ ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ ውስጡ የነበሩት ሞቱ። ቀይ መስቀል በረራውን አቆመ። አንዱ ሌላውን በቀጥታ አመጣው ብለን አንምልም፤ የመታው ኀላፊነቱ የራሱ ነው። ሆኖም የሚያበላና የሚተኩስ ሰው አንድ ዓይነት ፊት፥ አንድ ዓይነት ዜግነት፥ አንድ ዓይነት ሰማይ ሲኖራቸው፥ ለጠላት ዓይን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ቮን ሮዘን ለራሱ ሕይወት አልሳሳም፤ ይህን ኋላም አሳይቷል። ግን የሚያበላ ሰው ከሌሎች የሚያበሉ ሰዎች ጋር በማይታይ ክር ታስሯል፤ እሱ ሲተኩስ የነሱንም ነጭ ባንዲራ ቀደደው። አብያተ ክርስቲያናቱ ለአጭር ጊዜ ቆመው ቀጠሉ እንጂ ያን ጊዜ ሁሉም ቢቆሙ ኖሮ የሮኬቱ ዋጋ ስንት ሕፃን ይሆን ነበር? እኛ የምንለው፥ ለመዋጋት የቈረጠ ሰው ይዋጋ፤ ነገር ግን የወተቱን ልብስ አውልቆ ይዋጋ።

ሰውየው ወደ አገራችን ተመለሰ። በድርቁ ጊዜ መንገድ ለማይገባባቸው መንደሮች ከትናንሽ አውሮፕላኖች እህል ይጥል ነበር። በጁላይ 1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ፤ እዚያ የነበረው በርዳታ ሥራ ነው።

ወደ ቢያፍራ እንመለስ። በኦገስት 1968 ሁለቱ ወገኖች በአፍሪካ አንድነት ድርጅት አማካይነት፥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት፥ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተገናኝተው ነበር። ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ እህሉ በምን ይግባ የሚል ነው። ፌዴራሎቹ በየብስ ይግባ፥ እኛም እንፈትሸው አሉ። ቢያፍራዎቹ በየብስ ከሆነ ጦሩ እህሉን ተከትሎ ይገባል፥ እህሉም ሊመረዝ ይችላል አሉ። ሁለቱም የተናገሩት ለጦር አዛዥ ትክክል ነው። ተፈትሾ የገባ እህል የፈታሹን ገዢነት ያውቃል፤ ሳይፈተሽ የገባ እህል ደግሞ የተቀባዩን ነጻነት ያውቃል። ስለዚህ ጆንያው ሳይከፈት ባንዲራ ሆነ። ወራት አለፉ፤ ስምምነት የለም። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ምሳቸውን እየበሉ ይከራከሩ እንደ ነበር መቼም አንጠራጠርም።

አብያተ ክርስቲያናቱ ይህን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በጠበቁ ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቁ ገቡ። እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ለማን ነው የገቡት? የተራበው ኢቦ በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ ያስተማሩት፥ ያጠመቁት እነሱ ናቸው። የራሱን ልጅ ያበላ ሰው ምን ይመሰገናል? በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ነዳይ የወጣለት ስም አለ፤ «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። እንደኔ ያለ፥ እኔኑ የሚመስል ማለት ነው። ትልቅ ቃል ነው፤ ግን መንታ ነው። የሚመስለኝን ብቻ ነው የማበላው? ወይስ ያበላሁት ሁሉ የኔ ቢጤ ይሆናል?

በፌዴራሉ በኩል በተያዙት ቦታዎችም የተራበ ሕዝብ ነበረ፤ የናይጄሪያ ቀይ መስቀልና የናይጄሪያ ክርስቲያኖች ምክር ቤት እዚያ ይሠሩ ነበር። የነሱን ፎቶግራፍ ግን ያየ ጥቂት ነው። የሌሊቱ በረራ ጀብዱ አለው፤ በቀን በመኪና የሚሄድ ጆንያ ወሬ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ወሬ ትወዳለች። የሌጎስን ክርስቲያኖች ስሜት እናስብ፤ የሮምና የጄኔቫ ወንድሞቻቸው ከከበቡት ሳይሆን ከተከበቡት ጋር ቆመው ሲያዩ ምን ይላሉ? አንድ ቁርባን የሚቀበሉ ሰዎች በሁለት ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ጄኔራል ጎዎን ራሳቸው የሰባኪ ልጅ ናቸው።

ከዚህ አንጻር የኛው አገር የ1980ዎቹ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚያ የጦርነትና የድርቅ ዘመን፥ ከ1981 ጀምሮ ካርቱም ላይ ያቋቋሙት ቢሮ በኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ድርጅት መሪነት እህሉን በሱዳን በኩል፥ በዐማፅያኑ በተያዙት የኤርትራና የትግራይ ቦታዎች ያስገባ ነበር፤ እዚህም መኪናው የሚሄደው ሌሊት ነው፥ ቀን ሚግ አለና። በመንግሥት በኩል ደግሞ የኦርቶዶክስ፥ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ያከፋፍሉ ነበር። ከአንድ የምዕመናን ሙዳይ የወጣ ገንዘብ በሁለቱም የግንባር ወገን እህል ሆኖ ደረሰ። የካርቱሙ ሥራ ለዓመታት በዝግታ የተያዘ ነበር፤ ቢነገር በዚህ በኩል ያለው ሥራ ይዘጋልና። ቢያፍራ ላይ ጩኸት ነበር መሣሪያው፤ እዚህ ዝምታ። በ1990 ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናቱ ኅብረት ከአሰብ በደሴ በኩል የግንባሩን መስመር አቋርጦ እህል ለማሳለፍ ሁለቱንም ወገኖች አስፈቀደ። ያ መኪና ከአንዱ ጦር ኬላ ወጥቶ ወደ ሌላው ጦር ኬላ ሲገባ፥ በመካከል ያለችው ባዶ መንገድ ላይ የማን አገር ነበር? እንዲህ ያለው ሥራ ጀብዱ የለውም፤ ወረቀት፥ ማኅተም፥ ልመና ነው። ከቢያፍራው በረራ ይልቅ እኛ ይህን እናደንቃለን፤ ነገር ግን በ1968 ቢያፍራ ላይ ይህ በር ተዘግቶ ነበር፤ የተዘጋውም ከሁለቱም ወገን ነው።

ሕግ ምን ይላል የሚል ይኖራል። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት እንዲህ ያለ እህል እንዲያልፍ ያዛል፤ ግን ጠላት ይጠቀምበታል ብሎ የሚፈራው ወገን ሊያግድ የሚችልበት ቀዳዳ ትቶለታል። ሲቪሉን ማስራብ እንደ ውጊያ ስልት እንዳይሆን በግልጽ የተከለከለው በ1977ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ነው፤ ቢያፍራ ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ። በርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ይህን ማድረግ በዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ ሕግ እንደ ጦር ወንጀል እንዲቈጠር የተስማሙት ደግሞ ገና በ2019 ነው። ሕጉ ከእናትየዋ ጣሳ ስንት ዓመት ዘግይቶ እንደ መጣ አስሉት።

ቢያፍራ በጃንዋሪ 15 ቀን 1970 እጇን ሰጠች። ድል ያደረገው መንግሥት የተፈራውን ጭፍጨፋ አላደረገም፤ ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን በቢያፍራ በኩል ሲሠሩ የነበሩትን ሚሲዮናውያን ሰብስቦ ፖርት ሃርኮርት ላይ ለፍርድ አቀረባቸው። ክሱ ያለ ፈቃድ ወደ አገሪቱ መግባትና መሥራት ነው። በሕጉ ከሄድን ጥፋተኞች ናቸው፤ አልካዱምም። ከአገር ተባረሩ። ሳኦ ቶሜ ላይ ደግሞ ገና ያልተጫነ እህልና መድኃኒት በመጋዘን ቀርቶ ነበር። ኡሊ አካባቢ ያለው ሕዝብ ጦርነቱ ስላለቀ አልጠገበም፤ እንዲያውም የሌሊቱ በረራ ቆሞ ጣሳው ባዶ የሆነው ያን ሳምንት ነው። የናይጄሪያ መንግሥት ግን ከዚያች ደሴትና ከነዚያ ድርጅቶች የሚመጣ ምንም ነገር አልቀበልም አለ።